«ይሄ ራፕ አይደለም» ላልከው ወንድሜ

የአንባቢያችን ደብዳቤ አጠር ተደርጎ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። 26 ዓመቴ ነው። ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ሚሞሪ እጭናለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሂፕ ሆፕ ፍቅር አለብኝ። ቱፓክን፣ ቢጊን፣ ናስን፣ ራኪምንና አይስ ኪዩብን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ለእኔ ሂፕ ሆፕ እ.ኤ.አ. በ1996 ቱፓክ ሲገደል አብሮ ሞቷል። ዛሬ ራፕ የሚባለው መንተባተብ ነው፤ የእኛዎቹም የፈረንጅ ግልባጭ ናቸው። ደግሞስ ራፕ ራሱ ከእኛ ቀረርቶና ፉከራ የወጣ አይደል? ችግሬ ምን መሰለዎ፤ 12ኛ ክፍል የሚማር የ17 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ያንን አዲሱን ነገር ይወዳል፤ በአማርኛም ይጽፋል። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ጓደኞቹ ባሉበት በስልኩ ምት ከፍቶ አሰማኝ፦

ወንድሜ ይጭናል ዘፈን በሚሞሪ፣
እኔን የጫነኝ ግን ዝምታ ነው ኗሪ

እያለ ይቀጥላል። እኔም ‹ይሄ ራፕ አይደለም፣ ጊዜህን አታቃጥል› አልሁት። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ይመጣል፣ ያግዘኛል፣ ግን ምንም አያሰማኝም። አጎታችን መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሁለታችንንም ‹ስድብን ዜማ ብላችሁ› እያሉ ይቆጡናል። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ስለ ሂፕ ሆፕ ያለኝ አስተያየት ስህተት ነው? ወንድሜንስ እንዴት ልመልሰው? ስቱዲዮ ክፈልልኝ ብሎኝ ነበር፤ ልክፈልለት?»

ወንድሜ፣ አንተ የጀመርከው ከቱፓክ ነው፤ እኔ ከወንድምህ ሁለት ስንኞች ልጀምር። ለመጥፎነቱ ምሳሌ እንዲሆኑ ጻፍካቸው እንጂ ጥሩ ናቸው። ቀለማቸውን፣ ማለትም ሲነበቡ የሚሰሙትን ድምፆች፣ ቁጠር፦ ስድስት፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ስድስት። የወል ቤት ነው፤ በሠርግም በለቅሶም የምንሰማው የአገራችን ምጣኔ። ቤት የመታውም በስም ነው፤ ይህን ደግሞ ቀላል ነገር አድርገህ አትየው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያሳርፍ ቋንቋ ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ «ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይበላል» እያለ በ«ል» ቤት ሲመታ ይውላል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ጆሮ ይሰለቻል። ብዙ የአማርኛ ራፕ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ወንድምህ ግሱን ወደ መሐል ስቦ «ሚሞሪ»ን ከ«ኗሪ» ጋር አጋጠመ። ማንም ሳያስተምረው ያደረገው ከሆነ ጆሮ ያለው ልጅ ነው።

ከዚያም ያቺን «ጫነ» የምትል ግስ ለሁለት ሥራ አሰማራት። አንተ ዘፈን ትጭናለህ፤ እሱን ዝምታ ይጭነዋል። አጎትህ መሪጌታ ይህን ኅብር ይሉታል። አሁን ልጠይቅህ፤ የዝምታው ባለቤት ማን ይመስልሃል? አባታችሁ አርፏል። አንተ ጠዋት ሱቅ ትከፍታለህ፤ ማታ ሒሳብ ስትሠራ የቤት ኪራዩ፣ የዘይቱና የትምህርት ቤቱ ወጪ ጭንቅላትህን ይዞታል። አልወቅስህም፤ በ26 ዓመት ቤት ማስተዳደር ከባድ ነው። ግን ልጁ ሊነግርህ የፈለገውን ስንኝ አድርጎ፣ ጓደኞቹን ይዞ፣ ሱቅህ ድረስ አምጥቶ ነገረህ። ስለ አንተ ነው የጻፈው። አንተ ምቱ አልጥም ቢልህ ነገሩ አመለጠህ፤ «ይሄ ራፕ አይደለም» ስትለው እሱ የሰማው «አልሰማሁህም» የሚለውን ነው።

አሁን ወደ አስተያየትህ። «ሂፕ ሆፕ ሞቷል» ስትል ብቻህን አይደለህም። የምትወደው ናስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚሁ ስም አልበም አውጥቷል። እሱ ግን ለቅሶ ተቀምጦ አልቀረም፤ መሥራቱን ቀጥሎ የመጀመሪያውን ግራሚ በ2021 ያገኘው በምርጥ ራፕ አልበም ዘርፍ ነው። በመሐሉ በ2018 ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር ፑሊትዘር የሚባለውን የአሜሪካ ሽልማት በሙዚቃ ዘርፍ ወሰደ፤ ሽልማቱ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ላለ ሥራ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ሽልማት የሙዚቃ ልክ ነው እያልኩህ አይደለም። አንተ ሞተ ካልክበት ዓመት በኋላ ኬንድሪክን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው፣ ሂፕ ሆፕ ሞተ ለማለት አፉ የሚታዘዝለት አይመስለኝም ነው የምልህ።

የቱፓክ ሞት ለምን እንደሚያንገበግብህ ግን ይገባኛል። በ25 ዓመቱ ነው የተገደለው። ስድስት ወር ሳይሞላ ቢጊ በ24 ዓመቱ ተከተለ። አንተ ዛሬ ከሁለቱም በዕድሜ ትበልጣለህ። እንደ ትልቅ ሰው የምትሰማቸው ሁሉ ያን ጊዜ ልጆች ነበሩ፤ ናስ እ.ኤ.አ. በ1994 የመጀመሪያውን አልበሙን ሲያወጣ 20 ዓመቱ ነበር። ኤል ኤል ኩል ጄ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ 17። ሮክሳን ሻንቴ በ1984 የራፐሮችን የቃላት ጦርነት ያቀጣጠለችውን ዘፈን ስትቀዳ 14 ዓመቷ ነበር። የወንድምህን ዕድሜ ከእነዚህ ጎን አስቀምጠውና ፍርድህን ለጊዜው አቆየው።

ሮክሳንን ያነሣሁት በሌላም ምክንያት ነው፤ ከጠራሃቸው አምስት ስሞች አንዲት ሴት የለችበትም። ለእኔ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ሎሪን ሂል እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣችው አልበም ነው። በማግስቱ ዓመት በአንድ ሌሊት አምስት ግራሚ ወስዳለች፤ አንዱ የዓመቱ ምርጥ አልበም የሚለው ነው። ደግሞ ቱፓክ ከተገደለ ሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ነው። ሱቅህ ውስጥ ከሌለ ፈልገህ አስገባው።

«ራፕ ከእኛ ቀረርቶ ወጣ» የሚለውን ግን አልቀበልህም። ከብዙ ሰው እሰማዋለሁ፤ ከአገር ፍቅር እንደሚመጣም አውቃለሁ። እውነት ግን አይደለም፤ የሌላውን ድካምም ይወስዳል። ሂፕ ሆፕ የት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደ ተጀመረ የሚታወቅ ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ እዚህ ፍልሰታ እየተጾመ፣ በእነሱ ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና፣ ቁጥር 1520 የሆነ የኪራይ አፓርታማ ውስጥ ነው። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ትምህርት ሳይከፈት ልብስ መግዣ እንድታገኝ ብላ በሕንጻው የጋራ አዳራሽ ጭፈራ አዘጋጀች፤ መግቢያ ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50። ሙዚቃውን ያጫወተላት የ18 ዓመት ወንድሟ ክላይቭ ነው፤ ዓለም ዲጄ ኩል ኸርክ የሚለው፣ በ12 ዓመቱ ከጃማይካ የተሰደደ ልጅ።

ክላይቭ አንድ ነገር አስተዋለ። ጨፋሪው ከሁሉ የሚሞቀው ዘፋኙ ዝም ሲልና ከበሮው ብቻውን ሲቀር ነው፤ ያቺ ክፍል ግን ወዲያው ታልቃለች። ስለዚህ የአንድን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀምጦ፣ አንዱ ክፍሏን ሲጨርስ ሌላውን ከመነሻዋ እየለቀቀ፣ ሰከንዶች የነበረችውን ደቂቃዎች አደረጋት። ማይክራፎን ይዞ በዚያ ከበሮ ላይ መናገር ቀስ በቀስ መጣ። ሠፈሩን ደግሞ ልንገርህ፤ ትልቅ አውራ ጎዳና መሐል ለመሐል የሰነጠቀው፣ አከራዮች የኢንሹራንስ ገንዘብ ለመቀበል ሲሉ የራሳቸውን ሕንጻ የሚያቃጥሉበት ሠፈር ነበር። እዚያ የኖሩ ጥቁሮች፣ የካሪቢያን ስደተኞችና የፖርቶ ሪኮ ልጆች የሠሩት ነው። ለእነሱ እንተውላቸው።

ከአሠራሩ ብትመጣም አንድ አይደሉም። ፎካሪ «ዘራፍ» ብሎ ሲነሳ የሚቆጥረው ምት የለም፤ ትንፋሹ እስከ ወሰደው ይሄዳል፣ የሚሸልልበትም የሠራውን ጀብዱ ነው። ራፐር ግን ከአራት ምት መውጣት አይችልም፤ ጥበቡ ያለው በዚያች ጠባብ ቦታ ቃሉን ከምቱ ፊት ወይም ኋላ በማሳረፉ ነው። ይልቅ ፍሪስታይል ለሚባለው፣ ሳይጻፍ እዚያው ለሚፈጠረው ራፕ የሚቀርበው አዝማሪው ነው፤ እንግዳ ሲገባ አይቶ እዚያው ግጥም የሚያወጣለት፣ «ተቀበል» ሲሉት የሚቀበለው። ይህም ቢሆን መመሳሰል እንጂ መወለድ አይደለም።

በእውነተኛ ዝምድና መኩራት ከፈለግህ ግን ሞልቷል። ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዳሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 አብረው ያወጡት አልበም መክፈቻ ዘፈን የተሠራው ከሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ላይ በተቆረጠ ክፍል ነው። ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ ፕሮዲውሰርም ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በድሮ የኢትዮጵያ ሸክላዎች ላይ የተመሠረተ አልበም አውጥቷል። ወንድምህን አስጠርተህ የሙላቱን ኦሪጅናልና የናስን ዘፈን አከታትለህ አሰማው። የት ላይ እንደተቆረጠ እሱ ከአንተ ቀድሞ ሊያገኘው ይችላል።

ስለ መንተባተብ ያልከው ከፊሉ እውነት ነው። ዛሬ ከሚወጣው ብዙው ባዶ ነው፤ በ1996ም ብዙው ባዶ ነበር፣ ያ ተረስቶ ደህናው ስለ ቀረልን ነው ያን ዘመን ሁሉ ወርቅ አድርገን የምናየው። አዲሱን ስትሰማ ግን ጆሮህን የምታሳርፍበትን ቦታ ለውጥ። ወንድምህ የሚወደው አዲሱ ነገር ትራፕ የሚባለው የራፕ ዓይነት ከሆነ፣ የአሜሪካዋ ከተማ የአትላንታ ልጅ ነው። ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚያንቀጠቅጠው የታችኛው ምት የመጣው የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ካወጣው 808 ከሚባል የከበሮ ማሽን ነው። ማሽኑ በጊዜው ገበያ አላገኘም፤ ምርቱ በሦስት ዓመት ተቋረጠ። ርካሽ ሆኖ እጅ በእጅ ሲሸጥ የገዙት ገንዘብ የሌላቸው ልጆች ናቸው ዛሬ የምንሰማውን ድምፅ ያወጡበት። በዚህ ምት ላይ ረጅም ዓረፍተ ነገር አይሄድም፤ ቃል ተቆራርጦ፣ ሦስት ሦስት እየሆነ፣ እንደ ከበሮ መመታት አለበት። ራኪምን የምትሰማበት ጆሮ እዚህ አይሠራም። ላትወደው ትችላለህ፤ መብትህ ነው። ሳትሰማው ግን «አይደለም» አትበል።

የእኛዎቹን በጅምላ ግልባጭ ማለትህም አላስደሰተኝም። ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ይዞ ሲመጣ ከማን ገለበጠው? ልጅ ሚካኤልን፣ ካስማሰን በደንብ ስማቸውና ከዚያ ተከራከረኝ። እኔም የማልወደው ነገር አለ፤ አማርኛውን በአሜሪካ አነጋገር የሚያጣምሙት። በአማርኛ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። ከበሮው ጥብቁ ፊደል ላይ ሲያርፍ ቃሉ ይቆማል፤ ያላግባብ ሲያርፍ አድማጩ ግጥሙን ትቶ የቃሉን ፍቺ ፍለጋ ይሄዳል። ለወንድምህ ልታስተምረው የምትችለው ይህን ነው፤ እንዳንተ ብዙ የሰማ ሰው ቶሎ ይይዘዋል።

አጎትህ መሪጌታ ዘንድ ስትሄድ «ራፕ ቅኔ ነው» ብለህ እንዳትከራከር። አይደለም፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን የሰጡበትን ነገር ከጭፈራ ጋር ስታስተካክልባቸው ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ሰው ነህ፤ ተማሪው ኮቾሮውን ቋጥሮ፣ ለብቻው ጫካ ጥግ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር የሚውልበት፣ ማታ ለመምህሩ አቅርቦ የሚታረምበት አገር። ያንን የሚያውቅ ሽማግሌ በጩኸት አይረታም። ሁለቱን ስንኝ ያለ ሙዚቃ፣ በዝግታ አንብብላቸው። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ነው፤ ልጁም ሁለት ቤት ነው ያለው። «እንዴት አዩት? የቱ ጋ ይታረማል?» በላቸው። ዘመናቸውን ቅኔ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ይህን ጥያቄ ዝም ብለው የሚያልፉት አይመስለኝም።

ስድቡን በተመለከተ ግን እውነታቸውን ነው። ቱፓክ ለእናቱ እንደዚያ የዘፈነ ሰው፣ በሌላው ዘፈኑ ሴትን የሚያዋርድ መስመር አለው፤ ሁለቱም የእሱ ናቸው። የብዙ ሚሞሪ ቤት ስፒከር ወደ መንገድ የዞረ ነው፤ ያንተም እንደዚያ ከሆነ ደጃፍህን አላፊው ሁሉ ይሰማል፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጃገረዶች ጭምር። «እንግሊዝኛው አይገባቸውም» አይባልም፤ ለአንተ ይገባሃል፣ የምትከፍተውም አንተ ነህ። ለስፒከሩ የምትመርጠውን ለይ።

ወንድምህን ስለ መመለስ የምልህ አጭር ነው። የተናገርከው ጓደኞቹ ፊት ስለሆነ የምታነሣውም እነሱ ፊት ይሁን። ቃል አታብዛ፤ «ያን ቀን ሳልሰማ ነው የፈረድኩት፣ አጥፍቻለሁ» በቂ ነው። በዚያው ቀን አሰማኝ ብለህ አታስጨንቀው፤ ሊያሳፍረው ይችላል። ሱቁ ፀጥ ሲል፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ «ዝምታ ነው ኗሪ ካልክ በኋላ ምን ነበር ያልከው?» ብለህ ጠይቀው። ከነገረህ ስለ ግጥሙ አትናገር፤ ስለ ዝምታው ተናገር። አባታችሁን አንሥተህ የምታወራው ሰው ከእሱ ሌላ ማን አለህ? እሱስ ከአንተ ሌላ?

እርማቱ በኋላ ይደርሳል። ስለ ማጥበቅና ማላላቱ፣ በ«ል» ቤት ስለ መምታቱ ራሱ ሲጠይቅህ ትነግረዋለህ። አንተም አንድ ጥያቄ ያዝለት፤ ከሚወዳቸው አዳዲስ ዘፈኖች አንዱን ይምረጥልህና ለምን እንደ ወደደው ምቱን እያቆመ ያስረዳህ። አንተ መስመር በመስመር ተንትነህ ራኪምን እንደምትወደው ሁሉ፣ እሱም ምክንያት ይኖረዋል።

ስቱዲዮውን አሁን አትክፈል። ፈተናው ቀድሞት ይለፍ፤ ሌላው ምክንያቴ ግን ሙያዊ ነው። አንድ ሙሉ ራፕ ብዙ ጊዜ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት መስመር ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች አሉት። በእጁ ያለው ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ አንተ የጻፍክልኝ ሁለት መስመር ነው። በሰዓት በሚታሰብ ክፍያ ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ ግጥም ማረም ገንዘብ ማባከን ነው። እስከዚያ በስልኩ ይቅዳ። ባዶ ክፍል ድምፅ ስለሚመልስ፣ ጥግ ይዞ ከፊቱና ከጎኑ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይስቀል፤ ስልኩን ከአፉ አንድ ስንዝር ያርቅ፤ ምቱን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ድምፅ ብቻውን ይቅዳ። ስህተቱ ሁሉ እዚያ ይሰማዋል። ያለ ምት ሲነበቡም የሚቆሙ ሦስት ሙሉ ግጥሞች ሲኖሩት ክፈልለት፤ በቀረጻው ቀንም አብረኸው ሂድ።

ደብተርም ግዛለት። እያንዳንዱን ግጥም በስሙና በተጻፈበት ቀን ይመዝግብ። አጎትህ እንደሚነግሩህ የሰውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ በቅኔ ቤት ነውር ነው፤ በሂፕ ሆፕም ነውር ነው፤ ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1979 ሹገርሂል ጋንግ ባወጡት፣ ራፕን ከብሮንክስ ውጭ ባሳወቀው የመጀመሪያ ትልቅ ዘፈን ላይ፣ ከቡድኑ አንዱ የሆነው ቢግ ባንክ ሃንክ ያለው ግጥም የብሮንክሱ ራፐር የግራንድማስተር ካዝ ነበር። ካዝ ደብተሩን አውሶት፣ ሃንክ የካዝን ቅጽል ስም «ካሳኖቫ»ን እንኳ ሳይቀይር ፊደል በፊደል ቆጥሮ ዘፈነው፤ በሸክላው ላይ የካዝ ስም በግጥም ጸሐፊነት አልሰፈረም። ወንድምህ ደብተሩን ለአንተ ያሳይ፣ ለአጎቱ ያሳይ፤ ለሌላ ሰው ግን አያውስ።